ወንዝ የማታውቅ ሴት

ሦስተኛው ማዕበል ጀልባዋን ከጎን ሲመታት አንድ ጆንያ ሽንኩርት ባሕር ገባ። ባለቤቱም ተከትሎት ሊገባ ሲንጠራራ ዛልሃታ በሸሚዙ ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው።

«ልቀቂኝ ሴትዮ፣ ንብረቴ ነው።»

«ንብረትህ ይዋኝ። አንተ ቁጭ በልና ውሃውን ጨልፍ» አለችና የተቆረጠ ጀሪካን ጭኑ ላይ ወረወረችለት።

ነጂው ሞተሩን እንደ አመለኛ በሬ በሁለት እጁ እየታገለ፣ «በዚህ ነፋስ ከንጋዚጃ አልወጣም ብዬ ነበር። ይቺ ናት ለምናም ተሳድባም ያስወጣችኝ። ባሏ ሊሞት መሰለኝ» አለ።

«እሱ ቢሞትማ ነፋሱ እስኪበርድ እጠብቅ ነበር።»

ባሏ ሶይልሂ አልሞተም። ከተለያዩ ቆይተዋል። ልጃቸው ሩኪያ ከእናቷ ደሴት ከንጋዚጃ ለበዓል ወደ አባቷ ደሴት ወደ ምዋሊ ሄዳ ነበር። ትናንት የሶይልሂ እህት ደወለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገ ጀምበር ስትጠልቅ ልጅቷን ይዞ ወደ ማኦሬ ሊሻገር ነው» አለቻት። ማኦሬ ፈረንሳዮች ያልለቀቋት ደሴት ናት። ወደዚያ በድብቅ የሚሄዱት ጀልባዎች ከአቅማቸው በላይ ይጫናሉ። በዛልሃታ ሰፈር በዚያ መንገድ ወጥተው መቃብር እንኳ የሌላቸው ብዙ ናቸው።

ምዋሊ ስትወርድ ልብሷ በጨው ደርቆ ይንኮሻኮሽ ነበር። የማኦሬው ጀልባ ወደሚነሳበት ወደ ደቡብ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ናዳ ዘግቶታል። የቀረው የተራራው እግር መንገድ ነው። አገሬው ባኮኮ፣ አያት ማለት ነው፣ ባኮኮ ምላይሊ የሚላቸው ሽማግሌ ገጀራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ሚስታቸው ሊመለሱ ሲሉ አገኘቻቸው።

«እኔም ወደዚያው ነኝ» አሏት። «ግን የንጋዚጃ ሰው አፉ እንጂ እግሩ አይሄድም ይባላል።»

«እርስዎ መንገዱን ይምሩኝ፤ አፌን እኔው እሸከመዋለሁ።»

ጫካው ዋጣቸው። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ ጭቃው ከታች ይይዛል። ሐረጉን ሽማግሌው እየቆረጡ እሷ እየረገጠች ወጡ። ክንፋቸው የሰው ክንድ የሚያህል የሌሊት ወፎች ከቅርንጫፉ ተሰቅለው ቁልቁል ያዩአቸዋል። ሁለት ጊዜ ተንሸራታ ወደ ገደሉ ስትሄድ ባኮኮ በልብሷ ጎትተው መለሷት። ሁለቱንም ጊዜ አላመሰገነችም፤ ትንፋሽ አልነበራትም።

ዝናቡ ቆሞ ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ወንዙ ጋ ደረሱ። ንጋዚጃ ወንዝ የላትም። እዚያ ዝናብ ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል፤ ሰው ከጣሪያው ያጠራቀመውን በጣሳ እየሰፈረ ይኖራል። ዛልሃታ በሰፊ ድንጋያማ ሸለቆ መሀል ቀጭን፣ ጥርት ያለ ውሃ ኮለል ሲል አየች። ጠጣች። ፊቷን ታጠበች። መሀል ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጣ የጫማዋን ጭቃ መፋቅ ጀመረች።

«ተነሽ» አሉ ባኮኮ ተሻግረው። «ውሃው ደፍርሷል።»

«ትንሽ ልረፍ። ዝናቡ እንደሆን ቆሟል።»

«የቆመው እዚህ ነው።»

ልትመልስ ስትል ከላይ እንደ ብዙ የጭነት መኪና የሚያጓራ ነገር መጣ። ሽማግሌው ገጀራቸውን ሣሩ ላይ ወርውረው ገቡ። ውሃው ጉልበታቸውን፣ ከዚያ ወገባቸውን ያዘ። ክንዷን ጨብጠው ወደ ዳር ገፏት፤ ጣቶቿ የዛፍ ሥር አገኙ። ዞር ስትል ባኮኮ እስከ ደረታቸው ቆመዋል። ከነሥሩ የተነቀለ ግንድ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያየችው ግንዱን ብቻ ነው።

ጠራቻቸው። ዳር ዳሩን እየሮጠች ጠራቻቸው። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ገጀራቸውን አንስታ ወደ ባሕሩ ወረደች።

አሸዋው ላይ አዳኞች አርደው የጣሉት ትልቅ የባሕር ኤሊ ነበር፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሆዱ ውስጥ ገብተዋል። መንገድ አልሰጧትም። አንዱ ባቷን ነከሳት። በገጀራው መታችው፤ ደግማ መታችው፤ ሌሎቹ ወደ ኤሊው ተመለሱ። እያነከሰች ሄደች።

ወደ ማኦሬ የምትሄደው ጀልባ ሞልታለች። ሩኪያ በላስቲክ ተጠቅልላ ሶይልሂ ትከሻ ላይ ነበረች።

«ይኸው መጣች» አለ ሶይልሂ። «ምላሷ ቀድሞ ደርሷል።»

«ልጄን ስጠኝ።»

«አንቺ ጋ ምን አላት? በጣሳ የሚሰፈር ውሃ?»

«በሕይወት ትኖራለች።»

የጀልባው ባለቤት ፋዙል እጇን አየ። «ቆይ። ይሄ የአጎቴ የምላይሊ ገጀራ ነው። ከየት አገኘሽው?»

መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት ማለት ትችል ነበር፤ ማንም አላያትም። ሬሳ ውሃ ውስጥ እያለ እዚህ አገር ጀልባ ለሌላ ጉዳይ እንደማይነሳም ታውቃለች። በሽማግሌው ሞት ልጇን ልትገዛ መሆኑ ገባት። ተናገረች።

«ወንዙ ወሰዳቸው። እኔን ሊያወጡ ገብተው ነው። ተነሽ አሉኝ፤ አልነሳም አልኩ።»

ፋዙል ሞተሩን አጠፋ። «ሁላችሁም ውረዱ። ወንዶች ብቻ ቅሩ።»

ሶይልሂ ልጅቷን ከትከሻው አውርዶ ለዛልሃታ ሰጣት። ለመቅዘፊያው ሁለቱም እጆቹ ያስፈልጉ ነበር።

ጨለም ሲል ሽማግሌውን ወንዙ ባሕሩን ከሚነካበት፣ በዛፎቹ ሥሮች ተጠላልፈው አገኟቸው። ዛልሃታ ሩኪያን አዝላ የሽማግሌው ሚስት ደጃፍ ቆመች።

«አንቺ ነሽ?» አሉ አሮጊቷ።

«እኔ ነኝ። ፊቴን እንዳያዩ ልሄድልዎት ነው።»

«በየት?»

«በመጣሁበት።»

«ወንዙ ገና ሙሉ ነው። እስኪጎድል እዚህ ትቀመጫለሽ። አንድ ሰው አልበቃሽም?»

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ዛልሃታ ግን ልጇን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።