ደጅ ላይ የቆመችው ጠፈርተኛ

«እማዬን እንዳታመጫት» ብላ ፀዳል ሮሆቦትን ለምናት ነበር። «እምቢ ካለችሽም፣ ታሪኬን ስትተረጉሚላት የጠፈርተኛዋን ፍቅረኛ ‹እህቷ ናት› በያት።»

የፀዳል እናት ወይዘሮ አያልነሽ ግን የሚቀሩ ሴት አይደሉም። ልጃቸው የጻፈችውን ታሪክ ስታነብ ሊሰሙ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ኦሮራ ፒዮሪያ ስትሪት ካለው ቤታቸው እስከ ፓርክ ሂሉ መጽሐፍ መደብር በሮሆቦት መኪና የፊት ወንበር ላይ ተደላድለው መጡ። ሮሆቦትን የልጃቸው ጓደኛ እያሉ ይወዷታል። ፀዳልና ሮሆቦት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሞል ቢዞሩ እንኳ ማንም አይጠረጥርም፤ ጓደኛሞች ናቸዋ። ይህ ስም ለዓመታት ደብቋቸዋል። ሮሆቦትን ግን አንገሽግሿታል።

መጽሐፍ መደብሩ ጢም ብሏል። ፀዳል መድረክ ላይ ሆና በእንግሊዝኛ ታነባለች፤ ሮሆቦት በወይዘሮዋ ጆሮ ትተረጉማለች። ጠፈርተኛዋ፣ ጊዜ እዚያ ስለሚዘገይ ገና ወጣት እንደሆነች ከሩቅ ኮከብ ስትመለስ፣ ምድር ላይ ጥላት የሄደችው ሴት አርጅታለች። ጠፈርተኛዋ የአሮጊቷ ደጅ ላይ ቆማ ልታንኳኳ እጇን ታነሳለች። ታሪኩ እዚያ ላይ አበቃ።

«ምኗ ናት?» አሉ ወይዘሮዋ።

«እህቷ» አለች ሮሆቦት።

አወያዩ ፀዳልን ጠየቃት። «የሁለት ሴቶችን ፍቅር ለመጻፍ ለምን እስከ ጠፈር መሄድ አስፈለገሽ?»

ፀዳል ሮሆቦትን ትክ ብላ እያየች፣ «ምድር ላይ ብጽፋቸው እናቴ ታውቅብናለች ብዬ» አለች።

ሰው ሳቀ።

«ምን አለች?» አሉ ወይዘሮዋ።

ሮሆቦት ሌላ ነገር ማለት ትችል ነበር። ወደ ወይዘሮዋ ጆሮ ጠጋ አለች።

«እትዬ አያልነሽ፣ ቅድም ዋሽቼዎታለሁ። እህቷ አይደለችም፤ ፍቅረኛዋ ናት። ፀዳል አሁን ያለችው ደግሞ፣ ‹ምድር ላይ ብጽፋቸው እናቴ ታውቅብናለች› ነው።»

«በእናንተ?»

«በእኛ። በእኔና በፀዳል።»

ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ተነሥተው ወጡ።

መኪናው ጋ ፀዳል ፊቷ አመድ መስሎ ደረሰች። «ነገርሻት?»

«ያልሽውን ነገርኳት።»

ፀዳል እጇን ያዘቻት፤ እናቷ እያዩ።

ወይዘሮ አያልነሽ የኋላውን በር ከፈቱ። እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው አያውቁም። ‹አጠገቤ መቀመጥ ጠልተው ነው› ስትል አሰበች ሮሆቦት።

«እማዬ፣ ፊት ግቢ እንጂ» አለች ፀዳል።

«አንቺ ግቢ። ቦታው ያንቺ ነው፤ ለእኔ ስትለቂ ኖርሽ።» በሩን ዘጉት። «አልተዋጠልኝም፤ አትጠይቁኝ። ዝም ብላችሁ ንዱ።»

የኮልፋክስን መንገድ ይዘው ወደ ኦሮራ አመሩ። ቀይ መብራት ላይ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ያቺ አሮጊት በሩን ከፈተችላት?»

«አልጻፍኩትም እማዬ። ፈራሁ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሮሆቦት ግን መንዳት ረስታለች።

«እንግዲያስ ጻፊው» አሉ ወይዘሮዋ። «ልጅቷን ብርድ ላይ አታቁሚያት።»