ለአዳራሹ ብቻ

ያፈቀርኩት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረኝ በድምፅ ማጉያ ነው፤ ያውም በቁጣ።

«አንቺ! ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለሽው! ምኑ ነው የሚያስቅሽ?»

በዩኒቨርሲቲያችን አዳራሽ ውስጥ የተማሪዎች ክበብ ስለ ወሊድ መከላከያ ያስተምር ነበር። አስተማሪው የጤና ተማሪ ነው፤ ግቢው በሙሉ «አቶ ኪኒን» ይለዋል። ኮንዶም ይዞ ሲያስረዳ ከኋላዬ አንዱ፣ «አቶ ኪኒን፣ ልክህ ስንት ነው?» ብሎ ጮኸ። የሳቀው አዳራሹ ሁሉ ነው፤ የተያዝኩት ግን እኔ።

ተነሣሁ። «የምታስቀኝ አንተ ነህ። ሳትተነፍስ ነው የምታወራው!»

ፊቱ ተለዋወጠ። ትንፋሹን ሳበና ቀጠለ። «መከላከያ የምትወስድን ሴት ባለጌ የምትሉ ሰዎች፣ ብልግናው ያለው እናንተ አፍ ላይ ነው!»

በዚህ ንግግሩ ወደድኩት።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። «አሁንስ እየተነፈስኩ ነው?»

«እምብዛም» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ከቤተ ሙከራ ስወጣ ደጃፉ ላይ እሱን ማግኘት ለመድኩ። አብረን አድረን አናውቅም፤ እንቆይ ተባብለን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን ካልኩሌተር ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈተ። እጁ ይዞ የወጣው የወሊድ መከላከያ እንክብል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሱ ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል።

«ማነው?» አለኝ።

«ማን?»

«አትቀልጂብኝ! ከእኔ ጋር አይደለሽ፤ ከማን ጋር ነው?»

«ቀስ በል፣ ሰው ያነባል።»

«ይስማ! እንቆይ እያልሽ የምታቆዪው ለካ እኔን ብቻ ነው!»

የወር አበባዬ ሲመጣ ሕመሙ አልጋ ላይ ይጥለኛል። ሐኪም እንክብሉን ያዘዘልኝ ለዚያ ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ርካሽ!» አለኝ።

አፌን ዘጋሁ። እንክብሉን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እንደ ግድግዳ ያልፈኝ ጀመር። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ተበሳጨች። «ንገሪውና ተገላገይ እንጂ!»

«ተከስሻለሁ እንዴ?» አልኳት።

እሷ አላስቻላትም፤ ሄዳ ነገረችው። በማግሥቱ ቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኖቹ አብጠዋል።

«የኔ እናት፣ ይቅር በይኝ! ለሕመምም እንደሚታዘዝ የማስተምረው እኔው ነኝ እኮ... ጭንቅላቴ የት ሄዶ ነው?»

እጁን ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

«ባልታመምስ?» አልኩት። «ከአንተ በፊት ሰው ኖሮኝ ቢሆንስ?»

«አልነበረማ!»

«ቢኖርስ?»

«በሌለ ነገር ለምን ታደርቂኛለሽ? ንጹሕ መሆንሽን አወቅኩ፤ በቃ!»

ንጹሕ... «ርካሽ» ሲለኝ እንኳ እንዲህ አላመመኝም።

«ያመንከው ሐኪሙን ነው እንጂ እኔን አይደለም» አልኩት።

«አትወጂኝም ማለት ነው?»

«እወድሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«አብሬህ አልሆንም።»

ጠበቀ። ሐሳቤን የምቀይር መስሎት ነበር። ወደ በሩ ስዞር ፊቱ ጠቆረ።

«ትዕቢተኛ ነሽ! ከዚህ አፍሽ ጋር ማን እንደሚችልሽ አያለሁ!»

«እይ» አልኩት።

ኮቴው ከደረጃው እስኪጠፋ ቆምኩ። ከዚያ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ለቅሶዬ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈትኩት። ሲወጣልኝ ፊቴን ታጥቤ ሥራዬን ጀመርኩ።