አንድ ለሰባ ሁለት

«ልጄ፣ አንቺን ሳይ የእኔ ክንድ ዛለ። አንዱን እንኳ አስቀምጪው» አሉ የሞዴል ሱቁ ባለቤት።

ጭምት በሁለት እጇ የሚገጣጠም የሞዴል አውሮፕላን ሁለት ሳጥን ይዛ ከቆመች ግማሽ ሰዓት አልፏታል። በግራዋ የያዘችው ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ ሳጥኑ ላይ ሰማዩ ሁሉ በእሳት ቀልቷል። በቀኟ ያለው ቃኚ ነው፤ ወፍራም፣ ሁለት መቀመጫ ያለው፣ የሞተሩ ክዳን ተከፍቶ መሬት ላይ የቆመ። ገንዘቧ የሚበቃት ለአንዱ ብቻ ነው።

«ጓደኛዬን እየጠበቅኋት ነው፣ ጋሼ። አብረን ነው የምንመርጠው። እሷ ተዋጊውን ነው የምትወደው።»

«ሳጥኑ ላይ ያለው እሳት ውስጡ የለም በያት። እሳት የፈለገ ክብሪት ይግዛ።»

ጓደኛዋን ሁሉም ሰው ፍንጭት ይላታል። ጭምትን ራሷን ደግሞ «ጭምት» ያለቻት ፍንጭት ናት። የታሪክ መምህራቸው በጦርነት ጊዜ የነበረ አየር ማረፊያ ከነመሬቱና ከነሰዎቹ በትንሹ የሚያሳይ ዲዮራማ ሠርታችሁ አምጡ ሲሉ፣ ጭምት መሬቱን፣ ፍንጭት አውሮፕላኑን ሊሠሩ ተስማሙ። ጭምት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰጋቱራ አረንጓዴ እየቀባች ሣር አበቀለች። ጭቃው ላይ የጎማ ዱካ አወጣች። የጣት አንጓ የሚያህሉ ስድስት መካኒኮችን በመርፌ ጫፍ ቅንድብ ሳይቀር ሣለችላቸው። ሁሉም ነገር ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ ነው፤ የቀረው አውሮፕላኑ ብቻ ነበር።

ስልኳ ድምፅ አሰማ። «ጭምቴ ሶሪ፣ ዛሬ አይመቸኝም። እማዬ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ ብላኛለች» ይላል መልእክቱ።

«አትመጣም» አለች ጭምት።

«ማን? ያቺ ጥርሰ ፍንጭቷ፣ ሳቂታዋ ናት እንዴ?» አሉ ባለ ሱቁ። «እሷማ ጠዋት መጥታ ነበር፣ ከሁለት ልጆች ጋር። ያን ትልቁን አውሮፕላን ገዝተው፣ ሱቄን በሳቅ ሞልተውት ሄዱ።»

ጭምት ጆሮዋ ጋለ። የሳጥኑን ጀርባ የምታነብ መሰለች፤ አንድም ፊደል ግን አልታያትም።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ፍንጭት ናት።

«ጭምቴ! የት ነሽ?»

«ሱቅ።»

ፍንጭት ነገሩ እንደታወቀባት ገባት። «እንዴት መሰለሽ... እነሱ ናቸው ነይ ያሉኝ። አንቺ ደግሞ ሰው ሲበዛ አትወጂም፤ ይደብራታል ብዬ ነው።»

«እማዬ ብለሽ ነበር።»

«ኧረ ባክሽ፣ አታካብጂ! ስሚ፣ መሬቱን ታመጪልናለሽ? ስምሽን እንጽፋለን። የምር።» ከኋላዋ ሰው ሲስቅ ይሰማል።

«እሺ» ማለት ቀላል ነበር። ስሟ ከሦስት ሌሎች ስሞች ጋር ይጻፋል፤ በእረፍት ሰዓትም እነሱ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ታገኛለች።

«ሳጥኑ ጥግ ላይ ቁጥር አለ። አንብቢልኝ» አለች ጭምት።

«ቆይ... አንድ ለአርባ ስምንት።»

«የእኔ አንድ ለሰባ ሁለት ነው። ሰዎቼ ከእናንተ አውሮፕላን ጎን ሲቆሙ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነው የሚመስሉት። መምህሩ ከበር ያዩታል፤ ክፍሉ ሙድ ይይዝባችኋል።»

«ውይ! ክንፉን እኮ አጣብቀነዋል!» ፍንጭት ስልኩን ከአፏ አርቃ ከሌሎቹ ጋር ተንሾካሾከች። «በቃ፣ አንቺ ትችያለሽ፤ ያንን ተዪውና ለዚህኛው ሌላ ሥሪልን። በናትሽ። ከእኛ ጋር ትሆኛለሽ።»

መደርደሪያው ላይ አርባ ስምንት የሚል ቁጥር ያለው የመካኒኮች ሳጥን አለ። ጭምት በያዘችው ገንዘብ ልትገዛው ትችላለች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«እዚህ ለእናንተ የሚሆኑ ሰዎች አሉ፤ ጋሼ እስከ ነገ እንዲያቆዩላችሁ እነግራቸዋለሁ» አለች። «መሬቱን ራሳችሁ ሥሩ። ሰጋቱራውን መጀመሪያ ቀለም ቀቡት፣ ሲደርቅ ነው ሙጫ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ይቦካል።»

«አንቺስ?»

«እኔን ስድስት ሰዎች ሥራ ፈትተው ይጠብቁኛል።»

«ብቻሽን ልትሠሪው?»

«ብቻዬን።» ድምጿ ከጠበቀችው በላይ አነሰ፤ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ስልኩ ተዘጋ። ባለ ሱቁ ንጹሕ የነበረውን መነጽራቸውን እንደገና ወለወሉት።

«ሰዎቹን አቆያቸዋለሁ» አሉ ሳትጠይቃቸው። «አንቺ ታዲያ የትኛውን ነው?»

ተዋጊው ውስጥ አንድ አብራሪ ተዘግቶበት ይቀመጣል፤ ስድስቱ መካኒኮች ዙሪያውን ቆመው ከማየት በቀር የሚሠሩት የላቸውም። ጭምት የተዋጊውን ሳጥን መደርደሪያው ላይ መለሰችው፤ ጠርዙን ከሌሎቹ ጋር አስተካከለችው።

«ይሄን። የሞተሩን ክዳን ክፍት አድርጌ መሥራት እችላለሁ አይደል?»

«ትችያለሽ። ግን ሞተሩ ብቻ አርባ ቁራጭ አለው፣ ልጄ። ለአንድ ሰው ይበዛል።»

«ጊዜ አለኝ» አለች ጭምት።