ለብ ያለ ውሃ

ሟቹ፣ የሐር ማምረቻው ባለቤት፣ ከገንዳው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ከማጅራቱ በላይ ተፈንክቶ፣ በገንዳው የብረት ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችውና እጇን ወደ ገንዳው ሰደደች። ውሃው ቀዝቅዟል፤ የተዘፈዘፈው ሐር ግን ለስልሶ በጣቶቿ መሃል ሾለከ።

በሐር ማምረቻው የነበሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና ኬሚስቷ።

ሚስትየው ፎቅ ላይ ክር ስታጠነጥን ነበር። «ምንም አልሰማሁም» አለች። ድምጿም ዓይኗም ደረቅ ነበር።

ወንድሙ ዕድሜውን ሙሉ ሐር በሳሙናና በሶዳ ሲቀቅል የኖረ ሰው ነው። «ውሃው እየተንተከተከ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ ነበር» አለ። «እኔ እዚያ ጥግ ነበርኩ። ድው ሲል ሰማሁ እንጂ ሲወድቅ አላየሁም። አዳልጦት ነው።»

ኬሚስቷ ግን ግራ ተጋባች። «ጋሼ እኮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መቀቀል ከተዉ ሰነበቱ። አሁን በኢንዛይም ነው የምንሠራው። የኢንዛይሙ ዱቄት ሐሩን የሸፈነውን ሙጫ ይበላል፤ ክሩን አይነካም።»

«ውሃው ቢፈላስ?»

«ኢንዛይሙ ይሞታላ! ለብ ያለ ነው የሚፈልገው፤ የሕፃን ገላ እንደሚታጠብበት። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ኢንዛይሙን ለመግደል አንዳንዴ እናፈላዋለን።»

መርማሪዋ ከገንዳው አንድ ጆግ ውሃ ቀዳች፤ ለብ አስደርጋ ሙጫው ያልለቀቀ፣ ድርቅ ያለ ጥሬ ሐር ነከረችበት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ገንዳው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ገንዳው ውስጥ ሳሙናም ሶዳም የለም፤ ሐሩ ግን ለስልሷል። ሙጫውን የበላው ኢንዛይሙ ነው። እሱ ሲሠራ ውሃው አልፈላም።»

«በኋላ ፈልቶ ይሆናላ!» አለ ወንድሙ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።» ክሩን ከጆጉ አወጣች። «ይሄ በዚያው ውሃ ለሰለሰ። ኢንዛይሙ አልሞተም፤ ስለዚህ ውሃው ለአፍታም አልፈላም። ካልፈላ ደግሞ ቤቱን ያፈነ እንፋሎት ከየት መጣ? እርስዎ ሲወድቅ አይተውታል። ቁስሉ ከኋላ ነው፤ ጀርባውን ለገንዳው ሰጥቶ ከሰው ጋር እየተነጋገረ ነበር። ከእርስዎ ጋር።»

ወንድሙ ገንዳው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ።

«እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «‹ከእንግዲህ ቤትህ ዕረፍ፣ አንተ አታስፈልግም› አለኝ። ገፋሁት። ወዲያው አልሞተም።»

ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዋርሳዋን አየችው።

«ተናገረ?»

«ጠራኝ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ወንድምዬ፣ አንሣኝ› ብሎ።»

«አንተስ?»

«ቆሜ አየሁት።»

«እሺ» አለች። ፖሊሶች ሲወስዱት በሩን ከፍታ አሳለፈቻቸውና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም።