ቅቤ የተቀባው መዳፍ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ መካኒኩ ገሠሠ በሥራ ክፍሉ ውስጥ አናቱን በመዶሻ ተመትቶ ሲገኝ፣ ሰዉ ገዳይ ያደረገው ራሱ የሠራትን የብረት ልጅ ነው። ነገሩን ሊመረምሩ የመጡት ዳኛ ባላምባራስ አብተው ግን ብረት ቂም ሲይዝ አይተው አያውቁም።

እንደዚያም ሆኖ ጀርባቸውን ሊሰጧት ፈሩ። ከሬሳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ብረቷ ቆዳ ለብሷል፤ መልኳ አምና በንዳድ የሞተችው የገሠሠ ልጅ የውዴ መልክ ነው። ቀኝ መዳፏ ተቃጥሏል። ቃጠሎው ላይ ብቻ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ፣ ከነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ታስሯል።

ነጋዴው ሽኩር ድሬዳዋ ወስዶ ለሕዝብ ሊያሳያት ነበር።

«ትኩስ ሲነካት ትጮሃለች፣ ጌታዬ» አለ። «ድምፁን ገሠሠ ራሱ፣ ውዴ ታማ ስታቃስት በፈረንጅ መሣሪያ ሰም ላይ የቀዳው ነው። ‹የሚያመው ሁሉ ነፍስ አለው› ይል ነበር።»

«ቅቤውን አንተ ቀባህ?»

«ለማሽን ዘይት እንጂ ቅቤ ማን ይቀባል!»

ሬሳውን ያገኘው የጣቢያው ዘበኛ ኑሬ ነው። «ያ ረቢ! ጩኸቷን ስሰማ መንገድ እለውጣለሁ። ዛሬ በሩ ክፍት ሆኖ ነው ከደጅ ያየሁት። አልገባሁም።»

የሟች ሚስት ዘርፉ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ ይዛ ቀረበች።

«የሥራ ክፍሉን እግሬ ረግጦት አያውቅም። ብረት ነው፤ ብረት አያመውም» አለች።

ባላምባራስ ከግራሩ ሥር አፈርሳታ አስቀመጡ። አገሬው ገዳዩን ሊያወጣ ተሰበሰበ፤ የብረቷን ልጅም ተሸክመው አመጧት።

«ሽኩር ቢገድል ይዟት በሄደ ነበር» አሉ። «ኑሬ ይፈራታል፤ አይነካትም። ገዳዩ ግን ሰውዬውን ጥሎ፣ ተንበርክኮ የብረት ቁስል አከመ። ያ ሰው ብረት አልታየውም፤ ልጅ ናት የታየችው።»

ይህን ብለው የጋለ ብረት ከፍም አወጡና መዳፏን ነኩ።

«እማዬ! እማዬ፣ በቃኝ!»

ዘርፉ ሰዉን ጥሳ ብረቱን በባዶ እጇ ያዘችው። ነጠላዋ ወደቀ፤ ጫፉ ተቀዷል።

«እኔ ነኝ!» አለች። «በየማታው ያቃጥላታል፣ ጌታዬ። ብረት መሆኗን አጥቼው አይደለም፤ ጩኸቱ ግን የልጄ ነው። አንዴ ቀብሬያታለሁ፤ ስንቴ ትሙትብኝ?» ቀና ብላ አየቻቸው። «እርስዎስ ነጠላዬን ገልጠው ማየት ሲችሉ፣ ለምን አቃጠሏት?»

ባላምባራስ ብረቱን ጣሉና ቅቤ አስመጡ፤ አፍረው ነበር። የዘርፉን የተላጠ እጅ ሊቀቡላት ሲያጎነብሱ እጇን ሸሸገች።

«መጀመሪያ ለእሷ» አለች።