የማጠቢያዋ ጥይት

አሰልጣኙ በተኩስ መለማመጃው ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ሽጉጡ እጁ ውስጥ ፈንድቶ ስባሪው አንገቱን በጥሶታል። ደሙ ብቻ አይደለም የሚዘገንነው፤ ወለሉ፣ የበሩ እጀታ፣ የሻይ ብርጭቆው ሳይቀር የእርሳስ ብናኝ ለብሷል። እጅ እጅ የሚል ቦታ ነው። መርማሪዋ የቀረበላትን ሻይ አየችውና መለሰችው።

አሮጌ እርሳስ አቅልጠው ጥይት የሚሠሩት ሽማግሌ በካቴና ታስረው ጥግ ተቀምጠዋል። ፖሊሶቹ «ባሩድ አብዝተዋል» ብለው ሊወስዷቸው መኪና አስነስተዋል።

«አባባ፣ እውነት አብዝተዋል?»

«ኧረ ልጄ! ከዚያው ሳጥን ሌሎቹም ሲተኩሱ ነው የዋሉት። አሰልጣኙ የእርሳሱን ጨረሰ፣ ታናሽ ወንድሙ የማጠቢያዋን መዳብ አቀበለው፣ ‹ውሃ ልጠጣ› ብሎ ግንቡ ኋላ ሄደ። ከዚያ ፈነዳ።»

«የማጠቢያ መዳብ?»

«ልማዳችን ነው። የሽጉጡ በርሜል ውስጡ እንዲጠዳ መጨረሻ ላይ መዳብ የለበሰች አንድ ጥይት እንተኩሳለን።»

ታናሽየው የሟቹን ሚስት ጉንጭ ስሞ እያለቀሰ መጣና ለመርማሪዋ እጁን ዘረጋ። ሽቶ የሚሸት እጅ ነው፤ ጥፍሩ እንደ ሙሽራ ጥፍር ጠርቷል።

«ወንድሜን እኚህ ሽማግሌ በሉብኝ።»

«ሽጉጡን ማን ይጠርገዋል?»

«መሣሪያ ጠጋኙ ነበር። ከታመመ ሁለት ሳምንቱ፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እኔው ፈትጌዋለሁ። መዝገቡ ላይ ፈርሜያለሁ።»

«አንተስ ትተኩስበታለህ?»

«እኔና ወንድሜ በአንድ ሽጉጥ ነበር የምንለማመደው። ሰሞኑን ግን እጄን አሞኝ ትቼዋለሁ።»

ሚስትየዋ ለብቻዋ ስትጠየቅ እንዲህ አለች፦ «የሰልጣኞቹ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ባሌ ቦታውን ሊዘጋው ነበር። ለወንድሙ ሲነግረው ‹እኔ የት ልግባ?› ብሎ አኮረፈ።»

መርማሪዋ ከሳጥኑ ዐሥር ጥይት አስፈትታ ባሩዱን አስመዘነች፤ ሁሉም እኩል ነው። መሣሪያ ጠጋኙን ከአልጋው አስጠራችና ሁሉንም አንድ ላይ አቆመቻቸው።

«የተሰነጠቀውን በርሜል እዩት። ውስጡ እርሳስ ድስት ላይ እንዳረረ ወጥ ተጋግሮበታል። ይህ ዓይነት በርሜል ለእርሳስ ይሆናል?»

«እንዲሁማ አይሆንም» አለ ጠጋኙ እያሳለ። «በየሃምሳ ጥይቱ ካልተፋቀ እርሳሱ ውስጡን ያጠብበዋል። ይኼ የማጠቢያ ልማዳቸው ደግሞ ጅልነት ነው፤ መዳቧ የተጋገረውን አታወጣም፣ ትቀረቀራለች፣ ግፊቱ ይንራል፣ ይፈነዳል።»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ስታመም ለታናሽየው። ‹ለወንድምህም ንገረው› አልኩት።»

ሚስትየዋ ወደ ታናሽየው ዞረች።

«አልነገረውም» አለች መርማሪዋ። «ይኸው መፋቂያ ብሩሹ፤ ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ሁለት ሳምንት እርሳስ የፈተገ ሰው ጥፍሩ እንዲህ አይጠራም። ፈረምክ፣ አልፋቅክም። ወንድምህ ሲተኩስበት አንተ እጅህን ታመምክ። ዛሬ መዳቧን በገዛ እጅህ አቀበልከውና ግንብ ተከለልክ።»

ታናሽየው ዓይን አውጣ ነውና «ሐዘንተኛ ላይ?» ሊል ሞከረ። ሚስትየዋ አላስጨረሰችውም፤ የሳማትን ጉንጭ በነጠላዋ ጫፍ እስኪቀላ ፈተገችው።

«ሬሳው ላይ ወድቀህ ስታለቅስ እኔ ነበርኩ ደግፌ ያነሳሁህ» አለችው።

ካቴናው ከሽማግሌው ተፈትቶ ወደ ታናሽየው ዞረ። ብናኙ በጠራው እጁ ላይ ሲለጠፍ አየና በሱሪው ሊጠርገው ታገለ። ሽማግሌው ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ።