የሰባተኛው ዙር ገጽ

ክሌት የሣጥኑን ክዳን በእህቱ እጅ ላይ ደረገመው።

ኖሪን ጮኸች። ቀኝ እጇን መንጭቃ ስታወጣ ሁለቱ ጣቶቿ ወዲያው ማበጥ ጀምረው ነበር። መዝገቡን ግን አልለቀቀችም፤ በግራ እጇ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች።

«ጣቴን ሰበርከው እኮ! አብደሃል እንዴ?»

«አታካብጂ! አምጪው ብያለሁ!» የወንድሟ ፊት በርበሬ መስሏል። «ምን ቆርጦሽ ነው የቤታችንን ገመና ለእነዚያ ሽማግሌዎች የምትዘከዝኪው? የከተማው የቤዝቦል ሜዳ በማን ስም ነው? እኔስ ማልያዬ ጀርባ ላይ ምን ተጽፎ ነው የምጫወተው?»

«ሁዳክ» አለች። «እኔም ሁዳክ ነኝ።»

«እንግዲያው እንደ ሁዳክ አፍሽን ዝጊ!»

በጥፊ አላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ደሟን ቀመሰች። እናታቸው ሥራ ላይ ናት፤ የሚገላግል የለም። መዝገቡን ሊነጥቃት ሲጎነበስ ክንዱን ነከሰችው፤ ጮኾ ሲለቃት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል። ይኼ ግን እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ኳስ መቅለብ ሲያስተምራት የነበረው ወንድሟ ነው፤ ከጣቶቿ ይልቅ ያመማት ይኼ ነበር።

መዝገቡን ያገኘችው ባለፈው እሑድ ነው፣ ከቅድመ አያቷ ከሉድሚላ ሣጥን ውስጥ። ሉድሚላ በልጃገረድነቷ በየጨዋታው ከተመልካች መካከል ተቀምጣ እያንዳንዷን ምት በእርሳስ ትመዘግብ ነበር። በ1923 የከተማቸው የኮልተን ፎርክ የብረት ፋብሪካ የነጮች ቡድን ከአንድ የጥቁሮች ቡድን ጋር የተጫወተበት ገጽ ሰባተኛው ዙር ላይ ይቋረጣል። እንግዶቹ የመምታት ተራቸውን ጨርሰዋል፤ ተራን የሚዘጋው ሦስተኛው ሰው እንደ ወጣባቸው ተጽፏል። ቀጥሎ የባለሜዳዎቹ ተራ ነው፤ የመጀመሪያው መቺ ሚሎ ሁዳክ፣ የኖሪን ቅድመ አያት። ከስሙ ጎን በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ዳኛው ውጣ አለው። ሚሎ ዞሮ በዱላው የዳኛውን ጭንቅላት መታው። ሰዉ ግን ቀላቢውን ያዘ። እኔ አይቻለሁ።» ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው።

ከተማው የሚያውቀው ሌላ ነው። ዳኛውን የገደለው ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዘው የእንግዶቹ ቀላቢ፣ ሉሺየስ ታጋርት ነው ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሚሎ ደግሞ ገዳዩን የያዘ ጀግና ሆነ፤ ሜዳው በስሙ ተጠራ። ሉድሚላስ? አገባችዋ! አይታ፣ ጽፋ፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ አገባችው! ኖሪን ይህን ባሰበች ቁጥር የሞተችውን ሴትዮ ትከሻዋን ይዛ ልትንጣት ያምራታል።

ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ስትደርስ የማኅበሩ ስብሰባ ተጀምሯል። የሸለቆው የቤዝቦል ታሪክ ወዳጆች ይባላሉ። አሥራ አንድ ናቸው፤ ከእሷ በቀር ሁሉም ጡረተኛ። በ1908 አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መታ ወይስ ሦስት ብለው ሁለት ወር ሙሉ ተኮራርፈው ያውቃሉ። ኖሪን ለትምህርት ቤት ሥራ ብላ መጥታ በዚያው ቀረች፤ ትወዳቸዋለች። ዛሬ ድምፅ የሚሰጡት በሜዳው በር ላይ በሚሰቀለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ሰኞ ለሚቀርጸው ሰው ይላካል። «ዳኛው በእንግዳው ቡድን ቀላቢ ተገደለ» ይላል።

ከጠረጴዛው ጫፍ ወይዘሮ ኦዴሳ ታጋርት ተቀምጠዋል፤ የቀላቢው የልጅ ልጅ ናቸው። ከሦስት ወር በፊትም አያታቸው እንዳልገደለ ሊናገሩ መጥተው ነበር። ያኔ ሰብሳቢው ሚስተር ግሪር «አዝናለሁ፣ ደንባችን ሁለት ምንጭ ይፈልጋል፤ የእርስዎ አንድ ነው፣ እሱም የዘመድ ቃል» ብለው መልሰዋቸዋል።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልናገርና እሄዳለሁ» ይሉ ነበር ወይዘሮ ታጋርት፣ ኖሪን ስትገባ። «አያቴ እጁ ላይ የነበረው ጓንት ነው። ቀላቢ ዱላ አይዝም፤ ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የፋብሪካው ተጫዋቾች መሬት ላይ አጋደሙት። የጫማቸው ሥር ብረት ነበረው። ‹እስቲ አሁን ቅለብ› እያሉ የቀኝ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ ረገጧቸው። እስኪሞት ድረስ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ሴት አያቴ ነበረች።»

«ሚስተር ግሪር» አለች ኖሪን።

ሁሉም ዞሩ። «ልጄ! ፊትሽን ምን ሆንሽ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ሁለተኛው ምንጭ ይኸው።» መዝገቡን ገልጣ ፊታቸው አስቀመጠች።

ሚስተር ግሪር መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ሄዶ ሄዶ ቆመ። «የፈጣሪ ያለህ!» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዶቹ ተራቸውን ጨርሰው ነበር። ዱላው በሚሎ እጅ ነበር! እኛ ደግሞ ስንት ተመታ፣ ስንት ተሳተ እያልን አርባ ዓመት ስንቆጥር የማን ተራ ነበር ብለን አልጠየቅንም! አይ እኛ!»

በሩ በእርግጫ ተበረገደ። ክሌት ነው፤ የልምምድ ዱላውን ይዟል። መጀመሪያ ያገኘው የድሮ ማልያ የተሰቀለበትን የመስታወት ሣጥን ነው፤ አደቀቀው። ስብርባሪው አዛውንቶቹ ላይ ዘነበ፤ አንዷ ሴትዮ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። «መዝገቡን አምጡ!» ጠረጴዛውን ሲመታው ብርጭቆዎቹ ተገለበጡ።

ሚስተር ግሪር ተነሡ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ግን በልጁና በመዝገቡ መካከል ቆሙ። «አንሰጥህም፣ የኔ ልጅ።»

ክሌት ዱላውን ከትከሻው በላይ አነሣ።

«እስቲ የያዝከውን እየው» አሉ ወይዘሮ ታጋርት፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። «ከዚያ ደግሞ ማን ላይ እንዳነሣኸው እይ።»

ክሌት ዱላውን አየ። የሽማግሌውን ራሰ በራ አየ። የእህቱን ያበጡ ጣቶች አየ። ይቅርታ አላለም፣ ዱላውንም አልጣለም፤ ዝቅ አድርጎት ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ሲያለቅስ ተሰማ።

ከዚያ ሚስተር ግሪር ከመሳቢያ አንዲት ነጭ ካርድ አወጡ። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ወረቀት ሁሉ ያመጣው ሰው ሙሉ ስም ይጻፍበታል፤ ባለቤት የሌለው ወረቀት እንደ ምንጭ አይቆጠርም።

«ሳትፈርሚ ይዘሽው ብትሄጂ ማንም አይፈርድብሽም» አሉ። «ከፈረምሽ ግን ከተማው ሁሉ ማን እንዳመጣው ያውቃል። ቤት ደግሞ የምትገቢው ከወንድምሽ ጋር ነው።»

ኖሪን ቀኝ እጇ ብዕር አልይዝ አላት። በግራዋ ያዘችው። ካርዱ ግን እየተንሸራተተ አስቸገራት፤ ወይዘሮ ታጋርት መዳፋቸውን ጥጉ ላይ አሳርፈው ያዙላት።

«ኖሪን» ብላ በተጣመመ ፊደል ጻፈች። የቤተሰቡ ስም ላይ ስትደርስ ብዕሯን አቆመች። ወንድሟ ደረጃው ላይ አሁንም ያለቅሳል፤ ሁሉም ይሰማዋል።

«አይዞሽ፣ አትቸኩይ» አሏት ወይዘሮ ታጋርት።

ብዕሩን ጠበቅ አድርጋ፣ ማልያ ጀርባ ላይ እንደሚጻፈው በትልቁ፣ «ሁዳክ» ብላ ጨመረች።